ከመሣልሽ በፊት አጠገቡ ተቀመጪ

ልጄ፣ ትናንት ማታ ደብተርሽን ትተሽልኝ ሄድሽ። መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አየሁት። የዘንድሮው የዲዛይን ሥራሽ ምድጃ መሆኑን እናትሽ ነግራኝ ነበር። ደስ ብሎኛል። አጎትሽ ዕድሜውን በቆርቆሮና በመዶሻ የጨረሰ ሰው ነው፤ የእህቱ ልጅ ምድጃ ልሥራ ስትል እንዴት ደስ አይለው?

ነገር ግን አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከላይ "ከዚህ በፊት የተሠሩ ምድጃዎች ጥናት" ይላል። ከሥሩ ዐሥራ ሁለት ሥዕል ለጥፈሻል፤ ሁሉም ከስልክ የወጣ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር "ጥቅሙ፦ ርካሽ ነው፤ ጉዳቱ፦ አያምርም" ብለሻል። ገጹን ስገልጠው የራስሽን ምድጃ ሥለሽ ጨርሰሻል።

ልጄ፣ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱን በእጅሽ አንሥተሽ ታውቂያለሽ? አንዱ ላይ ቡና አፍልተሻል? የአንዱን አመድ ጠርገሻል?

ስንፍና ነው አልልም። ካርቱም ስትነድ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ ሰው ሁሉ ወርቁንና ልብሱን ሲሸክፍ አንቺ ደብተሮችሽን በፌስታል ጠቅልለሽ ገዳሪፍ ድረስ ያመጣሽ ልጅ ነሽ። እንደዚህ ያለ ልጅ ሰነፍ አይባልም። የምፈራልሽ ልማዱን ነው። ዛሬ ምድጃን በሥዕል ያየ ሰው ነገ ቤትን በሥዕል ያያል፤ ከነገ ወዲያ የሕመምተኛ አልጋን በሥዕል ያያል። እንዲህ እያለ ሳይነካ የሚፈርድ ባለሙያ ይሆናል። ከፈቀድሽልኝ ይህን ልማድ አሁኑኑ እንንቀለው። ሥሩ ገና አልጠለቀም።

ይህን የምልሽ እኔ ራሴ ስለ ወደቅሁበት ነው።

ገዳሪፍ ገበያ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ ከመተማ በኩል የመጣ ነጋዴ በአዲስ አበባ ላቀች የሚባል የከሰል ምድጃ እንደ ወጣ ነገረኝ። ፎቶውንም አሳየኝ። ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ። ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል አለኝ። ፎቶውን ለአንድ ሌሊት ተዋስሁት። በማግሥቱ ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመርሁ። አርባ ምድጃ ሠራሁ፤ አንዱንም ሳልሞክር።

ሸክላውን ከየት አመጣሁት? ከከተማው ዳር፣ ከእርሻው መሬት። የገዳሪፍን አፈር ታውቂዋለሽ፤ ጥቁር ዋልካ ነው። ለማሽላና ለሰሊጥ በረከት ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህን እያየሁ በየዓመቱ በላዩ እመላለስ ነበር። ያን አፈር እሳት ውስጥ ስከተው ምን እንደሚሆን ግን አላሰብሁም። ምን ይሆናል? የሚያውቀውን አደረገ። ተሰነጠቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሴቶቹ ምድጃዬን በራሳቸው ተሸክመው መለሱልኝ። አንዲቷ አልመለሰችም፤ ኋላ ቤቷ ስሄድ ገልብጣ መቀመጫ አድርጋዋለች። እኔንም በላዩ አስቀመጠችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ቡናው አልወርድ አለኝ።

ፎቶ አፈር አያሳይም፣ ልጄ። ሸክላው ከምን አፈር እንደ ሆነ፣ አሸዋ ይግባበት አይግባበት፣ ስንት ቀን ጥላ ውስጥ እንደ ደረቀ፣ በምን እሳት እንደ ተተኮሰ አያሳይም። እኔ ቅርጹን ወስጄ ምክንያቱን ትቼ መጣሁ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ግማሽ ቀን ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ትነግረኝ ነበር። መጠየቁን ግን እንደ ማነስ ቆጠርሁት።

እንግዲህ ከየት ትጀምሪ? ሩቅ አትሂጂ። ከዱቄቱ ጀምሪ።

እዚህ ከተማ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን ከአንድ ጆንያ የማሽላ ዱቄት ይገዛሉ። ሱዳናዊቷ ኪስራ ትጋግራለች። የእኛዋ እንጀራ ትጋግራለች። ሁለቱም ያቦካሉ፤ ሁለቱም ምጣድ ያሞቃሉ። በስልክ ሥዕል ካየሻቸው አንድ ናቸው። አጠገባቸው ከተቀመጥሽ ግን ኪስራ ጋጋሪዋ ሊጡን በጣም ስስ አድርጋ በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ ስትገፋው ታያለሽ፤ ወዲያው ይደርቃል፣ ወዲያው ትልጠዋለች፤ ክዳን የሚባል የለም። የብረት ሰሌዳዋ ቶሎ ግሎ ቶሎ መብረድ ይችላል። የእኛዋ ከዳር ወደ መሐል ታዞራለች፣ ዐይኑ እስኪወጣ ትጠብቃለች፣ አክንባሎዋን ትደፋለች፣ በእንፋሎት ታበስላለች። የሸክላ ምጣዷ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እሳቱ ከመሐል እስከ ዳር ካልተካከለ መሐሉ ያርራል፣ ዳሩ ሊጥ ይሆናል።

አየሽ? አንድ ዱቄት፣ ሁለት እሳት። "ለመጋገሪያ የሚሆን ምድጃ" ብለሽ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ ለየትኛዋ ነው? ይህን ሳትመልሺ እርሳስ አታንሺ።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ የዚሁ የሱዳን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በዳርፉር ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሴቶች እንጨት ፍለጋ ከመጠለያው ርቀው ሲወጡ ለጥቃት ይጋለጡ ነበር። በአሜሪካ በበርክሌይ ይሠሩ የነበሩት የህንድ ተወላጁ አሾክ ጋድጊል ከባልደረባቸው ከክርስቲና ጋሊትስኪ ጋር እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ ፍለጋ ወደዚያ ሄዱ። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ቢፈልጉ ቢሯቸው ተቀምጠው አዲስ ምድጃ መንደፍ ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ቀድሞ የተሠሩ ምድጃዎችን ይዘው ሄዱ። ለሴቶቹ ሰጧቸው፤ በገዛ ድስታቸው የገዛ ምግባቸውን አብስሉ አሏቸው። እነርሱ ተቀምጠው አዩ።

ምን አዩ? ታራ የሚባለው የህንድ ምድጃ ከቀረቡት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ግን በዳርፉር ነፋስ አለ፤ ነፋሱ እሳቱን ይነጥቃል። የሴቶቹ ድስት ክብ ታች ነው፤ በምድጃው አፍ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ደግሞም አሲዳ አለ። አሲዳን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ገንፎ ነው፤ በጉልበት ይማሰላል። ሲማሰል ምድጃው ይንገዳገዳል። ለሩዝ የተሠራ ምድጃ ለአሲዳ ይወድቃል። ስለዚህ ታራን መነሻ አድርገው ያሻሽሉት ጀመር። የነፋስ መከለያ ጨመሩ። እንጨት የሚገባበትን አፍ አጠበቡት፤ አፉ ሰፊ ሲሆን ሰው ሳያስፈልግ ይማግዳልና። ድስቱ የሚደገፍበት ጉብጉብ አወጡለት። እንዳይገለበጥ እግር ሠሩለት። እኔን ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ደግሞ ቆርቆሮው ህንድ አገር ተቆርጦ፣ ጠፍጣፋ እንደ ሆነ ተጭኖ፣ እዚያው ዳርፉር ኤል ፋሽር ውስጥ መገጣጠሙ ነው። ቆርቆሮ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነገር ነው።

ምድጃውም ከሦስት ጉልቻ እሳት ይልቅ እንጨቱን ከግማሽ በላይ ቀነሰ ይባላል። መነሻው ግን ሌላ ሰው የሠራውን ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። ልብ በዪልኝ፣ መነሻው እርሱ ነበር።

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይባላል። አንቺም "አጎቴ፣ የሌላውን ካጠናሁ የኔነቱ የታል?" ትዪኝ ይሆናል። አይምሰልሽ። ላቀች ራሷ ከየት መጣች? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያውያን የታይላንድን ባልዲ መሰል ምድጃ አዩ። ውስጡ ሸክላ መሆኑን ወደዱለት። ከራሳቸው የቆርቆሮ ጂኮ ጋር አዋደዱት፤ እንዳይገለበጥ ወገቡን አጠበቡለት፣ ታቹን አሰፉለት። ከኬንያ ደግሞ የእኛ ሰዎች አይተው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ላቀችን አወጡ። ታይላንድ፣ ናይሮቢ፣ አዲስ አበባ። በየደረጃው አንድ ሰው ጠየቀ፣ አንድ ነገር ለወጠ። ነውሩ መዋስ አይደለም፤ ከማን እንደ ተዋሱ መደበቅና ለምን እንደ ተዋሱ አለማወቅ ነው። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። አንቺ ግን ደብተርሽ ላይ "ይህን ከዚህ ወሰድሁ፤ የወሰድሁትም ስለዚህ ነው" ብለሽ ጻፊ። መምህርሽ ያከብርሻል። እኔም አከብርሻለሁ።

ዐሥራ ሁለቱን ሥዕል ወደ አራት አውርጂው። አራቱን ግን በእጅሽ ያዢ። ከሩቅ ሆነሽ ዐሥራ ሁለት ከምታውቂ፣ ከውስጥ ሆነሽ አራት ብታውቂ ይሻልሻል።

አንዱ ሦስት ጉልቻ ይሁን። አትናቂው። ዋጋ የለውም፣ ለየትኛውም ድስት ይሰፋል ይጠባል፣ ትልቅ ግንድ ሳይፈለጥ ይቀበላል፤ ስትሰደጂ ትተሽው ትሄጃለሽ፣ በደረስሽበት ሌላ ሦስት ድንጋይ ታነሻለሽ። ከእርሱ ጋር የሚወዳደር ምድጃ እነዚህን ሁሉ ሊመልስ ይገባዋል። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ወጡ ልክ ናቸው። ስለ እንጨቱ ግን ጉልቻውን መለወጥ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ሁለተኛው የዚህ አገር የከሰል ምድጃ፣ ካኑን፣ ይሁን። ሻይ ከምትሸጥ አንዲት እኅታችን ዘንድ ከንጋት ጀምሮ ተቀመጪ። ግዢ ጠጪ፤ ቦታዋን በከንቱ አትያዢባት። ጠልህ ከሚባለው ግራር የተሠራ ከሰሏን እንዴት እንደምታበጥር እዪ። ለጀበናው ትንሽ ፍም ብቻ እንደምትተው፣ ደንበኛ ሲበዛ እንደምታራግብ፣ ምሽት ላይ የተረፈውን ከሰል አጥፍታ ለነገ እንደምታስቀምጥ እዪ። አንቺ የሣልሽው ምድጃ ፍም ለመቀነስ ምንም መንገድ የለውም። አይተሻል?

ሦስተኛው ምርጥ ምድጃ ይሁን። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አገራችን ለእንጀራ ብላ የሠራችው ነው። በሲሚንቶ ይሠራል፤ በአሸዋ ወይም በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይለወሳል። ተገጣጣሚ ነው፤ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፈዋል፤ ከኋላ የሚወጣው ጭስ ድስት ያሞቃል። ከጉልቻ ጋር ሲመዘን እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጥሩ ነው። ግን ከባድ ነው። ቤቱን ተክሎ ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው። አሁን የኡም ራኩባን የስደተኞች መጠለያ አስቢ። በ1977ቱ ድርቅ ወገኖቻችን ተጠልለውበት ነበር፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ እንደ ገና ሞላ። ዛሬ ድንኳን፣ ነገ ጎጆ፣ ከነገ ወዲያ ወዴት እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ሲሚንቶ ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚህ ምርጥን ስታጠኚ "ከባድ ነው" ብለሽ አታቁሚ። ለማን ከበደ? ከምን ርቀት በኋላ ከበደ? ይህን ጻፊ።

አራተኛው ሩቅ ይሁን፤ ካልታሰበ ቦታ ይሁን፤ በእጅሽ ባትይዢውም ጠይቀሽ እወቂው። በሶማሌ ክልል በቀብሪ በያህ የስደተኞች መጠለያ ጋያ ማኅበር ያስገባው የኤታኖል ምድጃ አለ። ነዳጁ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ይመጣ ነበር። ምድጃው ግን መጀመሪያ በስዊድን ለጀልባ የታሰበ ነው። ጀልባ ይናወጣል፤ ስለዚህ ነዳጁ እንዳይፈስ ቆርቆሮው ውስጥ በሚመጥ ነገር ተይዟል። ለባሕር የታሰበው ነገር ለድንኳን ጠቀመ፤ ሕፃን ቢገፋው የሚደፋ ነዳጅ የለምና። እንዲህ ያለ ዝምድና በሥዕል አይገኝም። "ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?" ብሎ በመጠየቅ ይገኛል። ጉድለቱንም ጻፊ፤ ድስት ይጣድበታል፣ የእንጀራ ምጣድ ግን አልታሰበበትም።

አሁን ስለ መመዘን ልንገርሽ። "ይቆጥባል" የሚለውን ቃል ከማንም አትቀበዪ፤ ከእኔም ጭምር። ሚዛን ተዋሺ። ደረቅ እንጨት አምስት ኪሎ መዝኚ። ያችው ሴት፣ በዚያው ምጣድ፣ ከዚያው ሊጥ ሃያ እንጀራ ትጋግር። የተረፈውን እንጨት መዝኚ፤ ፍሙንም አጥፍተሽ ለብቻ መዝኚ። ሁለት ኪሎ እንጨት ከተረፈ ሦስት ኪሎ ሄደ ማለት ነው፤ ለአንድ እንጀራ መቶ ሃምሳ ግራም። የተረፈውን ፍም ደግሞ ለምድጃው ቁጠሪለት፤ እርሱም ነዳጅ ነው። በሌላ ቀን ምድጃውን ብቻ ለውጪና ድገሚው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጥሽ ግን ለውጡ ከየትኛው እንደ መጣ አታውቂም። በአንድ ቀንም አትመኚ፤ ሦስት ጊዜ ድገሚ።

ባለሙያዎቹ ሦስት ዓይነት ሙከራ አላቸው። አንዱ ውኃ ማፍላት ነው፤ ምድጃውን ብቻ ይመዝናል። ሁለተኛው እውነተኛ ምግብ ማብሰል ነው፤ ምድጃውንና አብሳይዋን ይመዝናል። ሦስተኛው በሰው ቤት ለቀናት የሚደረግ ነው፤ ኑሮውን ይመዝናል። ውኃ ላይ የበለጠ ምድጃ ቤት ውስጥ ሊያንስ ይችላል። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ልጅ ያለቅሳል፣ እንግዳ ይመጣል፣ እንጨቱ እርጥብ ይሆናል። ጊዜ ከሌለሽ ሁለተኛውን አትዝለዪ።

ስትጠይቂ ደግሞ ይሉኝታን አትርሺ። የእኛ ሴት "ምድጃው ጥሩ ነው?" ብትያት "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትልሻለች። ውሸት ልትነግርሽ ፈልጋ አይደለም፤ እንግዳን ማሳፈር ስለማትወድ ነው። በእርዳታ የተሰጣት ከሆነ ደግሞ ከዚህ የባሰ ታመሰግናለች። ስለዚህ እንዲህ አትጠይቂ። "ትናንት በምን አበሰልሽ?" በዪያት። "ይህ ቢሰበር በገንዘብሽ ሌላ ትገዢያለሽ?" በዪያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ዐይንሽን ተጠቀሚ። ምድጃው እሳት ዳር ነው ወይስ አልጋ ሥር? ጥላሸት አለው ወይስ ያብረቀርቃል? በሽቦ የታሰረው የቱ ጋ ነው? በጭቃ የተለሰነው የቱ ጋ ነው? ባለቤቲቱ የጠገነችው ቦታ ሁሉ ሠሪው ያላሰበው ቦታ ነው። ይህን የተማርሁት ያ መቀመጫ የሆነው ምድጃዬ ላይ ተቀምጬ ነው።

ገበያውንም አትለፊው። ዋጋው ስንት ነው? በዝናብ ወራትና በመከር ወራት ይለያያል? ሠሪው በቀን ስንት ያወጣል? መጀመሪያ የሚበሳው የቱ ነው፣ ከስንት ወር በኋላ? ማን ይበይደዋል? ያልተሸጠውን ክምር አሳየኝ በዪው። የተሸጠው ስለ ሠሪው ያሞግሳል፤ ያልተሸጠው ስለ ገዢዋ ይነግርሻል።

ማታ ቤትሽ ስትገቢ ድካም ቢኖርብሽም ጻፊው። በግራ በኩል ያየሽውን፣ በቀኝ በኩል "ስለዚህ የእኔ ምድጃ…" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ነፋሱ እሳቱን ነጠቀ፤ ስለዚህ የእኔ ምድጃ መከለያ ይኑረው። ሻይ ሻጯ ፍም ትቀንሳለች፤ ስለዚህ የእኔ ምድጃ አየር መዝጊያ ይኑረው። በቀኝ በኩል የሚጻፍ ካጣሽ ገና አላየሽም ማለት ነው፤ ነገ ተመለሺ። ግራው ከሞላና ቀኙ ባዶ ከሆነ ጥናት አይባልም፣ ዕቃ ቆጠራ ነው። ዕቃ መቁጠር ለባለሱቅ ነው። ለአንቺ አይመጥንም።

ጊዜው አጭር ነው ትዪኝ ይሆናል። አውቃለሁ። እኔም ያኔ ጊዜው አጭር መስሎኝ ነበር። አርባ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ የተመለሱትን ቀድጄ፣ ገንዘቡን ለየባለቤቱ እስክመልስ ስድስት ወር ሄደብኝ። ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ መቀመጥ ግማሽ ቀን ነበር።

እንግዲህ ዓርብ ሱቁ ዝግ ነው፤ ነዪ። ምድጃዬን መቀመጫ ያደረገችው ሴትዮ ወደ አገር ስትመለስ ያን ምድጃ ትታልኝ ሄዳለች። እስከ ዛሬ ምስማር አስቀምጥበታለሁ። ምስማሩን አፈሳለሁ፣ አንቺ መጋዙን ትይዣለሽ፣ ከላይ እስከ ታች ለሁለት እንከፍለዋለን። ቆርቆሮው የት እንደ ሳሳ፣ ሸክላው ከየት መሰንጠቅ እንደ ጀመረ በዐይንሽ ታያለሽ። እኔም በትክክል አይቼው አላውቅም፤ ያኔ አፍሬ ነበርና። የመጀመሪያው ገጽሽ እርሱ ይሁን። ከሥሩም "ይህን የሠራው አጎቴ ነው" ብለሽ ጻፊ፤ ግድ የለኝም።